ኮንትራክተሩ ቤቱን አፍርሶ ሲጠፋ፦ ለድሬ ሰው ዝርዝር መመሪያ

"ነገ ጠዋት ሰራተኛ ይገባል።"

ይህን ነገር ለሰባት ሳምንት ሰምቻለሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ያለው የእናቴ ቤት ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ተነቅሏል፣ ወጥ ቤቱ ግማሽ ግድግዳው ተለስኖ ግማሹ ብሎኬቱ ይታያል፣ ሳሎኑ ኮርኒስ የለውም። ኮንትራክተሩ መጀመሪያ ስልክ ያነሳ ነበር። ቀጥሎ ማንሳት አቆመ። በመጨረሻ ስልኩ ራሱ ተዘጋ። ፈቃድ ነበረው፣ ማህተም ነበረው፣ ደረጃም ነበረው። እኛ አገር ቤት የሚያድስ ሁሉ "ኢንጂነር" ይባላል፤ ይሄኛው ግን እውነትም ወረቀት ነበረው።

ተናድጄ በባዶ እጄ የኮንስትራክሽን ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ባለሙያ ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ፦ "ስንት ከፍለዋል? ስንት ብር የሚያወጣ ስራ ሰርቷል?" የመጀመሪያውን አውቃለሁ። ሁለተኛውን አላውቅም። "እንግዲህ እሱን ይዘው ይምጡ" ተባልኩ። ከዚህ በታች ያለው እኔ በሄድኩበት ሳይሆን መሄድ በነበረብኝ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው።

ፈቃዱ ምን ያደርግላችኋል?

መጀመሪያ ሁለት ወረቀት ለዩ። አንዱ ንግድ ፈቃድ ነው፤ የሚሰጠው ንግድ ቢሮ ነው። ሌላው የስራ ተቋራጭነት የብቃት ማረጋገጫ ነው፤ የሚሰጠው የኮንስትራክሽን ዘርፉን የሚቆጣጠረው አካል ነው፣ በፌዴራል ወይም በክልልና በከተማ አስተዳደር ደረጃ። "ጂሲ ስድስት"፣ "ቢሲ ሰባት" ሲባል የምትሰሙት የዚህኛውን ደረጃ ነው። ጂሲ ጠቅላላ ተቋራጭ፣ ቢሲ የህንፃ ተቋራጭ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አቅሙ ይበልጣል። ስራ ጥሎ የጠፋን ሰው ሥነ ሥርዓት ማስያዝ የሚችለው ይህን ሁለተኛውን ወረቀት የሰጠው ቢሮ ነው። ሊያስጠራው፣ ሊያስጠነቅቀው፣ ሊያግደው፣ ሊሰርዘውም ይችላል።

ገንዘባችሁን ግን አያስመልስም። ይህን ቀድማችሁ ካልተቀበላችሁ ሁለት ወር ቢሮ ተመላልሳችሁ በመጨረሻ "ፍርድ ቤት ይሂዱ" ስትባሉ ሰማይ ይደፋባችኋል። ታዲያ ለምን እንደክማለን? ፈቃዱ ላይ መዝገብ ሲከፈትበት ስልክ የማያነሳው ሰው ራሱ ስለሚደውል ነው። በእኔ ላይ የደረሰው እንዲያ ነው።

ሌላ ጉድ አለ። ፈቃድ የሚከራይበት አገር ነው። ቤታችሁ እየመጣ ሜትር የሚዘረጋው ሰው አንድ ነው፣ ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ሌላ። ስለዚህ ውሉን አውጡና የመጨረሻውን ገጽ እዩ። ማህተሙ የማን ነው? የፈረመው ሥራ አስኪያጁ ነው ወይስ ውክልና ያለው ሰው? ማህተምና ትክክለኛ ፊርማ ካለ፣ ቤታችሁ ደርሶ ባያውቅም ተጠያቂው ባለፈቃዱ ነው። ማህተም የሌለው፣ በግል ስም የተፈረመ ከሆነ ቢሮው "ከፈቃዱ ጋር አልተዋዋላችሁም" ሊል ይችላል። ያኔ ክርክራችሁ ከግለሰቡ ጋር ነው። ንግድ ፈቃዱ መኖሩንና መታደሱን በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ በቲን ቁጥሩ ማየት ትችላላችሁ። የአምስት ደቂቃ ስራ ነው።

አንደኛ፦ አንድ ጡብ ሳይነካ አስለኩ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሽንት ቤት የሌለው ቤት ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፤ ሰው ተማሮ ሌላ ግንበኛ ያስገባል። አዲሱ ሰው የድሮውን ይነቅላል፣ ይደርባል፣ ቀለም ይቀባል። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደሰራ የሚያውቅ የለም። ኮንትራክተሩ "80 በመቶ ጨርሼ ነው የወጣሁት" ቢል ምን ትመልሳላችሁ?

ስለዚህ ከእሱም ከእናንተም ጋር ዝምድና የሌለው ሲቪል መሐንዲስ ቅጠሩ። ለአንድ ቤት ግማሽ ቀን ይበቃዋል። እያንዳንዱን ነገር በሜትር ይለካል፦ ስንት ካሬ ልስን፣ ስንት ካሬ ሴራሚክ፣ ስንት ሜትር ቧንቧ፣ ስንት የኤሌክትሪክ ነጥብ። እነሱ "ቴክኦፍ" ይሉታል። ከዚያ ልኬቱን በውላችሁ ዋጋ ያባዛዋል። የመጨረሻው ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይኑር፦ የተሰራው ስራ ዋጋ፣ ያልተሰራው ስራ ዋጋ፣ የተበላሸው ካለ ለማስተካከል የሚያስፈልገው። ስሙን፣ ፊርማውን፣ የሙያ ምዝገባ ቁጥሩንና ማህተሙን ያኑርበት።

ብልሽቱን ሲያይ ለድሬ ሙቀት የሚሆን አንድ ነገር ጠቁሙት። እዚህ ልስንና አርማታ ውሃ ካልጠጣ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን ፎቶ አንሱ፣ ከጎኑ ሜትር ዘርግታችሁ። ልስኑን በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከግድግዳው ለቋል።

ለልኬቱ ቀን ኮንትራክተሩን ጥሩት። አዎ፣ ስልክ የማያነሳውን ሰው። በቴሌግራምም በጽሑፍ መልዕክትም ላኩለት፦ "ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ልኬት ይደረጋል፣ ተገኝተው ያስለኩ።" ካልመጣ መጠራቱ ማስረጃ ነው። ከመጣ ደግሞ ያልተቆጠረለትን ስራ ለማስቆጠር ነው የሚመጣው፤ እሱ የፈረመበት ልኬት ደግሞ ከወርቅ ይበልጣል። ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት። ድሬ ውስጥ ከምሳ በኋላ የሚያዝ ቀጠሮ ዕጣው የታወቀ ነው፤ ሙቀቱ አለ፣ በርጫው አለ።

ግቢ ውስጥ የቀረውንም ዕቃ ዘርዝሩ። ስንት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ስንት ካርቶን ሴራሚክ፣ ስንት ፌሮ። የእሱ የሆነ መሣሪያ ካለ፣ መሰላል ወይም የብየዳ ማሽን፣ ለብቻው ጻፉትና ሁለት ጎረቤት ያስፈርሙላችሁ። "ገንዘቤን እስኪመልስ መያዣ ነው" ብላችሁ አትሽጡ። ከሳሽ ሆናችሁ ገብታችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ዘርዝራችሁ "መጥተው ይውሰዱ" ብላችሁ ጻፉለት።

ከፎርማኑና ከቀን ሰራተኞቹ ጋር አትጣሉ። ብዙ ጊዜ የእነሱም ደሞዝ ተበልቷል። ከሴራሚኩ ስር ምን እንዳለ፣ ቧንቧው በስንት ኢንች እንደተዘረጋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስልካቸውን ያዙ፤ ጥሩ ምስክር ናቸው።

ሁለተኛ፦ ሂሳቡን በአንድ ገጽ

የእኔን ቁጥር ትንሽ አስተካክዬ ላሳያችሁ። ውሉ 600,000 ብር። የከፈልኩት 420,000። መሐንዲሱ የለካው ስራ በውሉ ዋጋ 265,000። ማለትም 155,000 ብር ላልተሰራ ስራ ተከፍሏል። የቀረው ስራ በውሉ ዋጋ 335,000 ነው፤ አሁን ግን ሌላ ባለሙያ 410,000 ይጠይቅበታል። ልዩነቱ 75,000። ሁለቱ ሲደመሩ 230,000 ብር። በሌላ በኩል አስሉት፦ 420,000 ከፍዬ 410,000 ልጨምር ነው፣ ድምሩ 830,000፤ በ600,000 ሊያልቅ ለነበረ ቤት። ልዩነቱ ያው 230,000። በሁለቱም መንገድ አንድ ቁጥር ካልመጣ የሆነ ቦታ ሁለት ጊዜ ቆጥራችኋል ማለት ነው።

ሌላ ቤት ተከራይታችሁ ከሆነ ኪራዩን ለብቻ ጻፉ። ውሉ ላይ ለዘገየበት ቀን መቀጫ ካለ እሱንም ለብቻ።

የከፈላችሁበት ማስረጃ የባንክ ደረሰኝ ነው። በሞባይል ስታስተላልፉ "ምክንያት" የምትለዋን ቦታ ባዶ ከተዋችኋት አሁን ትጸጸታላችሁ፤ ለሚቀጥለው ግን "ለወጥ ቤት ሴራሚክ ሁለተኛ ክፍያ" ብላችሁ ሙሏት። የቴሌግራም ንግግሩን አታጥፉ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሹት አንሱና አትሙት። "ጨምሩልኝና ሰኞ እጨርሳለሁ" ያለበት መልዕክት አንድ ገጽ ክስ ያህላል።

የጽሑፍ ውል የሌላችሁስ? "እንተዋወቃለን፣ የሰፈር ልጅ ነው" የተባለበት ስራ ማለቴ ነው። መንገዱ ይጠብባችኋል። የባንክ ዝውውሩ፣ መልዕክቱና ምስክሩ ባዶ እጅ ከመሄድ ይሻላሉ፤ ግን ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

ሦስተኛ፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ

ይህን መዝለል አይቻልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 ግልጽ ነው፦ ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ለማለት መጀመሪያ እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ቁጥር 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ውስጥ የጊዜ ገደብ እንድታስቀምጡ ይፈቅዳል፤ ገደቡ እንደነገሩ ሁኔታ ተገቢ መሆን አለበት። ለሁለት ወር ስራ ሦስት ቀን መስጠት ተገቢ አይደለም። እኔ 15 ቀን ሰጠሁ።

እንዲህ መጻፍ ትችላላችሁ፦

"ጉዳዩ፦ ያቋረጡትን የእድሳት ስራ እንዲያጠናቅቁ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት። በቀን ___ በተፈራረምነው ውል መሠረት በድሬዳዋ፣ ሳቢያን የሚገኘውን ቤት እድሳት እስከ ቀን ___ አጠናቀው ሊያስረክቡኝ ተስማምተዋል። እስካሁን ብር ___ ተቀብለዋል። ስራው ከቀን ___ ጀምሮ ቆሟል። በቀን ___ በተደረገው ልኬት የተሰራው ስራ ዋጋ ብር ___ ብቻ መሆኑ ተረጋግጧል፤ የልኬቱ ቅጂ ተያይዟል። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ ስራውን ቀጥለው የማጠናቀቂያ መርሐ ግብር በጽሑፍ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ውሉ እንዲፈርስ፣ ቀሪው ስራ በእርስዎ ወጪ በሌላ ባለሙያ እንዲሰራና ያለ አግባብ የተቀበሉት ገንዘብ ከነኪሳራው እንዲመለስ በሕግ የምጠይቅ መሆኑን አስታውቃለሁ።"

ስድብ የለውም። ፈቃድ የሚል ቃልም የለውም። "ካልከፈልከኝ ፈቃድህን አዘጋለሁ" ብሎ መጻፍ ማስፈራራት ይመስላል፤ ነገ ዳኛ ፊት የሚነበበው የእናንተ መልዕክት ነው። አቤቱታ ማቅረብ መብታችሁ ነው፣ ዝም ብላችሁ አቅርቡ።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ ውሉ ላይ ባለው አድራሻ ውሰዱ። አንዱ ላይ "ደርሶኛል" ብሎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ይኑር፣ በፖስታ ቤትም በአደራ ደብዳቤ ላኩት። የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አትጣሉ።

ቀኑ አልፎ መልስ ካጣችሁ ውሉ መፍረሱን በጽሑፍ ማሳወቅ ይቻላል፣ ቁጥር 1787 ይፈቅዳል። ግን ከዚያ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ መዘግየቱ በከፊል የእኔ ነው? ሴራሚኩን እኔ ልገዛ ተስማምቼ ወር አዘግይቻለሁ? እቅዱን መሀል ላይ ለውጫለሁ? ከሆነ ውሉን በራሳችሁ አታፍርሱ፣ ፍርድ ቤት ያፍርሰው።

አራተኛ፦ አቤቱታው

አሁን ቢሮ እንሂድ። ድሬዳዋ ውስጥ የመጀመሪያው በር የአስተዳደሩ የኮንስትራክሽን ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ነው። ግን የብቃት ማረጋገጫው ላይ ሰጪው ማን እንደሆነ አንብቡ። ድሬ የሚሰራ ኮንትራክተር ፈቃዱ ከሐረር፣ ከኦሮሚያ፣ ከሶማሌ ክልል ወይም ከአዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ማገድ የሚችለው የሰጠው ነው። ስለዚህ ዋናው አቤቱታ ለሰጪው፣ ግልባጭ ለድሬው ቢሮ ይሁን።

አቤቱታው አንድ ገጽ ይብቃው። ማን፣ የፈቃዱ ቁጥርና ደረጃ፣ ውሉ መቼ፣ ስንት ተከፈለ፣ ስንት ተሰራ፣ መቼ ቆመ፣ መቼ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ከዚያ ጥያቄው፦ "ጉዳዩ ተጣርቶ በፈቃዱ ላይ ተገቢው አስተዳደራዊ እርምጃ እንዲወሰድልኝ።" ስለ እናታችሁ የደም ግፊት አትጻፉ። እኔ ጽፌ ነበር። ባለሙያው አንብቦ አዘነልኝ፣ ከዚያ "ልኬቱ የታለ?" አለኝ።

አያይዙት፦ ውሉ፣ የክፍያ ደረሰኞቹ፣ ማስጠንቀቂያው ከነመድረሱ ማረጋገጫ፣ የመሐንዲሱ ልኬት፣ ቀን ያለባቸው ፎቶዎች። ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ለማመሳከር አሳዩና ኮፒ አስገቡ። መዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርና ማህተም የተመታበት ቅጂ ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ። ያለ ገቢ ቁጥር አቤቱታ የለም፣ ወሬ ነው ያለው።

ጊዜውም ይታሰብበት። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሙያ ደግሞ የታደሰ የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል። በእነዚህ ወራት የገባ አቤቱታ ሰውየው ራሱ ቢሮው ደጅ ሲደርስ ያገኘዋል። የእኔ በጥቅምት ነበር። ባስገባሁ በአስራ አንደኛው ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። "አቦ፣ እንዲህ ከመሆን ብንነጋገር አይሻልም ነበር?" አለኝ፤ ሰባት ሳምንት ስደውልለት የነበረው ሰው።

ሽማግሌ ሲመጣ

መምጣቱ አይቀርም። ድሬ ነው፤ ከከዚራም ከመጋላም የሚያውቀውና የሚያውቃችሁ ሰው ይገኛል። እምቢ አትበሉ። ብዙ የቤት ጉዳይ የሚያልቀው እዚያው ነው፣ ከፍርድ ቤትም ይፈጥናል። ግን ከሽማግሌው ፊት የምትፈርሙትን ወረቀት ሦስት ጊዜ አንብቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት በግልግል የተስማማችሁበት ነገር በመካከላችሁ ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። "ይቅር ተባብለናል፣ ከእንግዲህ የምንፈላለገው የለም" ብላችሁ ከፈረማችሁ በኋላ ሰውየው ቢጠፋ ወደ ድሮው ክርክር መመለስ ከባድ ነው።

ስለዚህ ስምምነቱ እንዲህ ይሁን፦ ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሂሳብ፣ አንዱ ክፍያ ካለፈ ምን ይሆናል፣ የማይፈላለጉትም የመጨረሻው ብር ሲገባ ብቻ መሆኑ። "ስራውን ተመልሼ እጨርሳለሁ" ካለ ደግሞ አንድም ብር በቅድሚያ አይሰጥ፤ በተለካ ስራ ብቻ ክፈሉ። የርክክብ ወረቀት ላይም ስራው ሳያልቅ አትፈርሙ። ሕጉ (ቁጥር 3039) የስራውን ጥራትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስትና ያደርግላችኋል፤ ዛሬ "ሁሉም ደህና ነው" ብላችሁ ከፈረማችሁ ግን የሚታየውን ጉድለት ተቀበላችሁ ሊባል ይችላል።

ፍርድ ቤትና ፖሊስ

ካልሆነ ክስ ነው። ድሬዳዋ የራሷ የከተማ ፍርድ ቤቶች ቢኖሯትም እንዲህ ያለ የውል ገንዘብ ክርክር የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ድሬዳዋ ምድብ ችሎት ነው። በአዋጅ 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ጉዳይ ያያል፤ የማናችንም ወጥ ቤት ከዚያ አያልፍም። ከመክፈታችሁ በፊት ውላችሁ ውስጥ "አለመግባባት በግልግል ዳኛ ይታያል" የሚል አንቀጽ መኖር አለመኖሩን እዩ። ካለ ኮንትራክተሩ መጀመሪያ የሚያነሳው መቃወሚያ እሱ ነው።

ክሱ ላይ የምትጠይቁት ውሉ እንዲፈርስ፣ ገንዘቡ እንዲመለስ፣ ኪሳራው እንዲከፈል ነው። ንብረቱን ሊያሸሽ ነው የሚል ማስረጃ ካላችሁ ከፍርድ በፊት እንዲታገድ አመልክቱ። የዳኝነት ክፍያውን መክፈል የማይችል በደሀ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል እንዲታይለት፣ መጠየቅ ይችላል። አዋጁ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል መንገድም አለው፤ ተከሳሹ ለመክፈል ፈቃደኛ ሆኖ የጊዜ ጉዳይ ከሆነ ሞክሩት። ቀሪውን ስራ በእሱ ወጪ ለማሰራት ፈቃድ መጠየቅም ይቻላል፣ ቁጥር 1777። ሽንት ቤቱና ጣሪያው ግን ፍርድ አይጠብቁም። ከተለካ በኋላ እነሱን አሰሩ፣ ደረሰኝ ያዙ፤ ሌላው ይቆይ።

ፖሊስ ጣቢያ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ "ይሄ ፍትሐ ብሔር ነው" ተብሎ ይመለሳል። ልክ ናቸው። ስራ ማቋረጥ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ነገሩ የሚቀየረው የገዛችሁትን ሲሚንቶ ጭኖ ሌላ ሳይት ከወሰደ ነው፤ ያ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ሊሆን ይችላል። ወይም ከመጀመሪያው በሐሰት ሰነድ ከተዋዋለ፣ እሱ ማታለል ነው፣ አንቀጽ 692። የሰውየውን ፎቶ "ሌባ ነው" ብሎ ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ደግሞ ለእሱ የመልስ ክስ ማቀበል ነው።

ከተከፈላችሁ በኋላ አንድ ስራ ይቀራል። ሰውየው "አቤቱታውን አንሱልኝ" ይላል፣ ያውም ገንዘቡ ሳይገባ በፊት። የእኔው በሦስት ዙር ሊከፍል ተስማማና የመጨረሻውን ቼክ ይዞ መጣ፤ በዚያው እጁ "ጉዳዩ በስምምነት አልቋል" የሚል የተዘጋጀ ደብዳቤ ነበር። ቼኩን ተቀብዬ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቼኩ ባንክ ገብቶ ብሩ ሂሳቤ ላይ በታየ ማግስት ፈርሜ ቢሮ አስገባሁለት፤ ለራሴም ገቢ የተመታበት ቅጂ ያዝኩ።